የስዕል ሰሌዳው ወይስ ታብሌቱ? አንድ ዓመት ከተጠቀምንባቸው በኋላ፣ ከፍኖተ ሰላም

ዋጋውን መጀመሪያ ልናገርና ልገላገል፣ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ እሱን ነዋ። የስዕል ሰሌዳው፣ አፏን ያልፈታችው ልጄ ስዕል እየነካች የምታወራበት ማለቴ ነው፣ 12 ገጽ ኤ4፣ ባለ ከለር፣ ላሚኔት ተደርጎ በቀለበት ታስሮ 1,150 ብር ነው። ከባሕር ዳር ፍኖተ ሰላም ድረስ በሚኒባስ ላኩልኝ ስል ለረዳቱ 100 ብር ከፈልኩ። ታብሌቱ ያገለገለ ነው፣ 9,500 ብር ገዛነው፣ የጫንበት አፕ (ስዕሉ ሲነካ ቃሉን በድምፅ የሚል) ነፃ ነው። እና ዛሬ ልጄ ቀኑን ሙሉ የምትጠቀመው የትኛውን ነው ብትሉኝ የ1,150 ብሩን ነው፣ ታብሌቱ ቁምሳጥን ላይ ተሰቅሏል፣ በቀን አንዴ ሁለቴ ይወርዳል። ይሄን ስል ታብሌት አትግዙ ማለቴ አይደለም፣ ቆዩ እመጣበታለሁ።

ልጄ አምስት ዓመት ሊሞላት ነው። ምጡ ረጅም ነበር፣ ስትወለድም ቶሎ አላለቀሰችም፣ በኋላ ሴሬብራል ፓልሲ (አንጎል ተጎድቶ እንቅስቃሴን የሚያውክ) ነው ተባልን። ቀኝ እጇ ግትር ነው፣ በግራዋ ታመለክታለች ግን ጣቷ የፈለገችው ቦታ ላይ ቶሎ አያርፍላትም፣ ይዞራል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ከዛ ይደርሳል። የሚባለውን ሁሉ ትሰማለች፣ ትረዳለች፣ ዶሮዋ ማድ ቤት ገባች ስትሏት ዞራ አይታ ትስቃለች፣ ግን አፏን አልፈታችም። እኛ ጋ ደግሞ አፉን ያልፈታ ልጅ ሲታይ ሁሉም ሰው ሐኪም ነው። አንዷ እንጥሏን አስቆርጫት ትለኛለች (እባካችሁ እንዳታደርጉት፣ እንጥልና ንግግር በዚህ አይገናኙም፣ ልጁን ለደም መፍሰስና ለኢንፌክሽን ማጋለጥ ነው)፣ ሌላዋ ጠበል ትላለች፣ አማቼ ደግሞ የአባቷ ዘር ነው እሱም ዘግይቶ ነው የተናገረው ጠብቂ ይሉኛል። ጠበሉን ሄደናል፣ አሁንም እንሄዳለን፣ ከዚህ ነገር ጋር አይጣላም። የጎዳን መጠበቁ ነው። ከሦስት ዓመት በላይ ጠበቅን፣ በዛ ሁሉ ጊዜ ልጅቷ የምታወራን በጩኸት ነበር፣ ውሃ ነው? ትጮሃለች፣ ዳቦ ነው? ትጮሃለች፣ ሃያ ነገር አቅርበን ሃያ አንደኛው ላይ ወይ ዝም ትላለች ወይ ደክሟት እንቅልፍ ይወስዳታል፣ ዝም ስትል እኛ አገኘነው ብለን ደስ ይለናል፣ ለካ ተስፋ ቆርጣ ነው።

አዲስ አበባ ሄደን ያገኘናት የንግግር ቴራፒስት ናት ስዕል ጀምሩ ያለችን። እኔ መጀመሪያ የጠየቅኳት እናት ሁሉ የሚጠይቀውን ነው፣ ስዕል ካስለመድናት መናገሩን አትተወውም ወይ? እሷ የነገረችኝን በኋላ ራሴም ፈልጌ አነበብኩት። በፈረንጆቹ 2006 ሚላር፣ ላይትና ሽሎሰር የሚባሉ ተመራማሪዎች ከነሱ በፊት የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስበው ሲመዝኑ፣ ማስረጃቸው ጠንካራ ከሆነው 27 ሰዎች ውስጥ በስዕል ወይ በምልክት ወይ በመሣሪያ በመግባባቱ ምክንያት ንግግሩ የቀነሰበት አንድም ሰው አላገኙም፣ አብዛኞቹ እንደውም ንግግራቸው ጨምሯል፣ ጭማሪው ግን ትንሽ ነው፣ ተአምር አትጠብቁ። የኔዋ ዛሬ በአፏ የምትላት አንድ "ባ" አለች፣ "በቃ" ማለት ነው፣ ሰሌዳው ላይ "በቃ"ን እየነካች ነው የጀመረቻት። ከሰሌዳው ነው ብዬ አልምልም፣ ግን ሰሌዳው አልከለከላትም።

እንግዲህ ሰሌዳው። ማተሚያ ቤቱ ባሕር ዳር ነው፣ ስሙን አልጠራም ምክንያቱም የማማው ነገርም ስላለኝ። ትዕዛዝ በቴሌግራም ይቀበላሉ፣ ፋይል ትልካላችሁ፣ ናሙና ይልኩላችኋል፣ ትከፍላላችሁ፣ በሚኒባስ ይልኩታል፣ ደህና ቀን ከሆነ መንገዱ አራት ሰዓት ገደማ ነው፣ መንገድ ሲዘጋ ደግሞ አስራ አንድ ቀን የጠበቅኩበት ጊዜ አለ፣ እሱ የነሱ ጥፋት አይደለም። መጀመሪያ ያቀረቡልኝ ግን ዝግጁ የሆነ "የሕፃናት መግባቢያ" የሚሉትን ነበር። ስከፍተው አንበሳ፣ ቀጭኔ፣ የሜዳ አህያ ሳይሆን ዜብራ ብሎ፣ ስትሮውቤሪ፣ የበረዶ ሰው፣ ሄሊኮፕተር። ፍኖተ ሰላም ላይ የምትኖር የአራት ዓመት ልጅ በጠዋት ተነስታ "ቀጭኔ" የምትለው ለማን ነው? ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው የኬጂ ፖስተር ተቆራርጦ ነው መግባቢያ የተባለው። በስዕል ስም ማስተማር ሌላ ነው፣ በስዕል ማውራት ሌላ ነው።

ስለዚህ ራሴ ሠራሁት። ስዕሎቹን ያገኘሁት አራሳክ ከሚባለው የስዕል ስብስብ ነው፣ የስፔኑ የአራጎን ክልል መንግሥት በፈረንጆቹ ከ2007 ጀምሮ የሚያዘጋጀው ነው፣ ሰርጂዮ ፓላዎ የሚባል ሰው ነው የሳላቸው፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ስዕሎች ናቸው፣ ለንግድ እስካልሆነና ከየት እንደመጣ እስከጻፋችሁ ድረስ ነፃ ነው። እኔም ማተሚያ ቤቱን የምከፍላችሁ ለወረቀቱና ለቀለሙ እንጂ ለስዕሉ አይደለም ብዬ ጀርባው ላይ የስዕሎቹን ምንጭ አስጻፍኩ፣ የማተሚያ ቤቱ ልጅ ትንሽ ግራ ገባው ግን እሺ አለ። የኛን ነገር ደግሞ በስልኬ አነሳሁት፤ የራሷን ቢጫ ኩባያ፣ እንጀራ፣ ሽሮ፣ ድንች ወጥ፣ ቆሎ፣ እርጎ፣ የአባቷን ባጃጅ፣ አያቷን፣ ጎረቤት ያለችውን ጓደኛዋን። ፎቶ ስታነሱ ነጭ ነጠላ ከኋላ ዘርጉና አንሱ፣ እኔ የመጀመሪያዎቹን ጓዳ ውስጥ አንስቼ ኩባያው ከድስቱና ከማሰሮው ጋር ተደባልቆ ልጅቷ ማሰሮውን ነው የምታየው።

ቃላቱ ላይ ነው የደከምኩት። የዕለት ወሬያችንን 80 ከመቶ ያህል የሚሸፍኑት ጥቂት መቶ ቃላት ናቸው ይላሉ ባለሙያዎቹ፣ እነሱም ሙዝና ብርቱካን አይደሉም፣ "እኔ" "ደግሞ" "በቃ" "እምቢ" "ይሄ" "የት" "ና" "ስጠኝ" የሚሉት ናቸው። ሸጋ፣ እነዚህን እናስገባ አልን። ግን እንግሊዝኛው አንድ "ሂድ" ይዞ ለሁሉም ይበቃዋል፣ አማርኛ ግን ግሱ ሰውን አዝሎ ነው የሚሄደው፣ ልሂድ አለ፣ እንሂድ አለ፣ ሂጂ አለ፣ ሂድ አለ፣ ይሂዱ አለ፣ ሄደች አለ። የትኛውን ነው ካሬው ውስጥ የምጽፈው? መጀመሪያ አፑ ውስጥ የነበረውን የአማርኛ ትርጉም ልገለብጥ ነበር፣ አየሁት፣ "እወዳለሁ" መሆን ያለበት ቦታ ላይ "እንደ" ይላል፣ "እችላለሁ" ያለው ቦታ ላይ "ቆርቆሮ" ተጽፏል ሃሃ፣ የእንግሊዝኛውን "ላይክ"ና "ካን" ማሽን ተርጉሞት ማንም አላነበበውም። ሴት ልጅ የምትጠቀምበት ሆኖ ሁሉም ነገር ደግሞ በወንድ ነው፣ ተጫወት፣ ብላ፣ ተኛ፣ ማን ለማን እንደሚያዝ አይታወቅም።

በመጨረሻ የወሰንነው እንዲህ ነው። እሷ ራሷ የምታደርገው ነገር "ልብላ" "ልጠጣ" "ልውጣ" "ልተኛ" ሆነ። አብረን የምናደርገው "እንሂድ" "እንጫወት"። ሰውን የምታዝበት ደግሞ መጀመሪያ "ስጪኝ" ነበር፣ ከእኔ ጋር ስለምትውል። እዚህ ላይ ነው አማቼ የመጡት።

አማቼን የሰፈሩ ሰው በሙሉ አንቱ ነው የሚላቸው፣ ቄሱም ጭምር። አንድ ቀን ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ቆሎ ይቆረጥማሉ፣ ልጄ ታብሌቱ ጭኗ ላይ ነው፣ ጣቷ ዞረ ዞረና ነካችው፣ ታብሌቱ ጮክ ብሎ "ስጪኝ!" አለ። ሁላችንም ደነገጥን። እሳቸው ዞር ዞር አሉና "ማነው አንቺ ያለኝ?" አሉ። ልጅቷ ናት እማማ አልኳቸው። ዝም ብለው አዩዋት፣ ከዛ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፣ "ኧረ ትበለኝ! ከሷ ይምጣ እንጂ አንቺም ትበለኝ!" አሉና ቆሎውን ከነሳህኑ እፊቷ አኖሩት። ታዲያ ማታ ባሌ ጋ ስናወራ አያቷ ፈቀዱ ማለት የሰፈሩ ሽማግሌ ሁሉ ይፈቅዳል ማለት አይደለም አልን፣ አስበን አስበን በብዙ ቁጥር አደረግነው። "ስጡኝ" "ኑ" "እዩኝ" "አግዙኝ"። ወንድም ይሁን ሴት፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ አንድም ሰው ብዙም ሰው፣ ማንንም አያስቀይምም። ይቺን ዘዴ ለማንም በነፃ እሰጣለሁ፣ ለሠራኋት ሰሌዳ በሙሉ የምኮራባት እሷ ናት።

አሁን ወደ ዕቃው ጥራት። ከለሩ ጥሩ ነው፣ ወረቀቱ ወፍራም ነው፣ ላሚኔቱ ግን የሚያብረቀርቀው ዓይነት ነበርና የጎጃም የጥር ፀሐይ ላይ ግቢ ስታወጡት መስታወት ነው የሚሆነው፣ ልጅቷ ፊቷን ነው የምታየው። ሁለተኛው ቅጂ ላይ የማያብረቀርቀውን አስደረግኩ፣ ትንሽ ይወደዳል፣ ግን በጣም ይለያል። ጠርዙን ሲቆርጡት ላሚኔቱን ከወረቀቱ እኩል ቆርጠውት ስለነበር በሁለት ወር ለሃጭና ውሃ ገብቶ አበጠ፣ ከወረቀቱ ቢያንስ ግማሽ ጣት ያህል ትርፍ ይተውበት በሏቸው፣ ማዕዘኑን ደግሞ ያክብቡት፣ ሹል ማዕዘን ዓይን ይወጋል። የበርበሬ ወጥ በሳሙና ይለቃል፣ እርድ ግን አይለቅም፣ የ"ልብላ" ገጽ እስከዛሬ ቢጫ ነው፣ የአልጫ ነገር ነው። ቀለበቶቹ ጠንካራ ናቸው፣ በማንገቻ አድርጌ አንገቴ ላይ አንጠለጥለዋለሁ፣ ገበያ ስሄድ ሰው ምን ትሸጫለሽ ይለኛል።

ትልቁ ቅሬታዬ ግን ሌላ ነው። ሁለተኛውን ቅጂ ሳዝዝ ፋይሉ እነሱ ጋ ስለነበር ካንዲት አዲስ ቃል በቀር (እመጣባታለሁ) ያንኑ ድገሙልኝ ብዬ ገንዘቡን ላክሁ። መጣ። ስከፍተው ያምራል፣ ከበፊቱ በጣም ያምራል፣ ዲዛይነሩ ልጅ ከለር ከከለር እንዲስማማ ብሎ ካሬዎቹን አዟዙሯቸዋል! "ልጠጣ" ከላይ ቀኝ የነበረው ታች ግራ ሄዷል፣ "በቃ" መሃል ገብቷል። ልጄ ሦስት ቀን ሙሉ ተሳሳተች፣ ውሃ ፈልጋ ጣቷን የለመደችበት ቦታ ትወስዳለች፣ እኔ ስዕሉን አይቼ "ልውጣ" ነው ያለችው ብዬ ወደ ውጭ አወጣታለሁ፣ ታለቅሳለች። እሷኮ ስዕሉን ብቻ አይደለም የምታየው፣ እጇ ቦታውን ሸምድዶታል፣ እኛ ጨለማ ውስጥ የመብራት ማብሪያውን ዳብሰን እንደምናገኘው ማለት ነው። ማታ ላይ አንድ ሰው መጥቶ የቤታችሁን በር በሌላ ግድግዳ ቢያደርገው ምን ትላላችሁ? ደውዬ ስነግረው ልጁ በጣም አዘነ፣ ማሳመሬ ነበር አለ፣ በነፃ መልሶ አተመልኝ፣ ለዚህ ነው ስማቸውን ያልጠራሁት፣ ጥፋታቸውን ያወቁ ሰዎች ናቸው። እናንተ ግን የትም ብታሳትሙ ትዕዛዙ ላይ "ቦታ እንዳይቀየር" ብላችሁ በትልቁ ጻፉ።

ካሬ ስንት ይሁን ለምትሉ፣ ለኛ በገጽ 12 ነው የሆነላት፣ 20 ስናደርገው ጣቷ ሁለት ካሬ አንዴ ይነካል፣ ማንኛውን እንደፈለገች አይታወቅም። እጁ ጭራሽ እሺ ለማይለው ልጅ ደግሞ በዓይን የሚባል አለ፣ ግልጽ ፕላስቲክ ማዕዘኖቹ ላይ ስዕል ትለጥፉና ፊት ለፊቱ ይዛችሁ በፕላስቲኩ ውስጥ ዓይኑ ወዴት እንደሄደ ታያላችሁ፣ ደብረ ማርቆስ ያለች አንዲት የማውቃት እናት ለልጇ የምትጠቀመው እሱን ነው፣ ወጪው የፕላስቲኩ ብቻ ነው።

ሰሌዳው ከመጣ በኋላ የሠራነው ስህተት ደግሞ የማንም ማተሚያ ቤት አይደለም፣ የኛ ነው። ፈተና አደረግነው። ዘመድ ሲመጣ "ዳቦ የቱ ነው? አሳዪያቸው! ውሃስ?" እንላለን፣ እሷ ፊቷን ታዞራለች፣ ዘመዱም አዬ አልገባትም ብሎ ከንፈሩን ይመጥጣል። ቴራፒስቷ በስልክ ስነግራት ሳቀችብኝ፣ ለመሆኑ አንቺ ስንቴ በሰሌዳው አውርተሻል? አለችኝ። ዜሮ። ሌላው ልጅ አፉን ከመፍታቱ በፊት አንድ ዓመት ሙሉ ሰው ሲያወራ ይሰማል አይደል፣ የኔዋ ግን በስዕል የሚያወራ ሰው በዓይኗ አይታ አታውቅም፣ ታዲያ ከማን ትማር? ከዛ ወዲህ እኔ ነኝ የምነካው። "እንሂድ" እያልኩ "እንሂድ"ን እነካለሁ፣ ቡና ሲፈላ "ልጠጣ" እላለሁ፣ ደክሞኝ ስቀመጥ "በቃ"ን ነክቼ እቀመጣለሁ። እንድትደግም አላስገድዳትም። ሁለት ወር ሙሉ ምንም የለም፣ ባሌ ይሄ ነገር ለማነው የተገዛው ላንቺ ነው እንዴ እስኪለኝ ድረስ። ከዛ አንድ ቀን ራሷ ጀመረች።

ሁለተኛው ነገር መጠበቅ ነው። ጣቷ እስኪደርስ ጊዜ ይፈልጋል፣ እኛ ግን አንችልም፣ ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ ውሃ ነው? ብለን እንገባባታለን። እኔ ያገኘሁት ዘዴ በልቤ አባታችን ሆይ መጀመር ነው፣ "የዕለት እንጀራችንን" ላይ እስክደርስ አፌን አልከፍትም። አብዛኛውን ጊዜ "ፈቃድህ" ላይ ስደርስ ጣቷ አርፏል።

እና "እምቢ"። የመጀመሪያው ሰሌዳ ላይ አልነበረችም። ረስቼ አይደለም፣ አውቄ ነው የተውኳት። ስጡኝ፣ ልብላ፣ ልጠጣ፣ እንሂድ፣ ሁሉም መጠየቂያ ነው። ይሄ በብዛት ከስዕል ልውውጥ የመጣ ልማድ ይመስለኛል፣ ፔክስ የሚባለው፣ በፈረንጆቹ 1985 አሜሪካ ዴላዌር ላይ አንዲ ቦንዲና ሎሪ ፍሮስት የጀመሩት ነው፣ የመጀመሪያው ደረጃ ልጁ የሚፈልገውን ነገር ስዕል ሰጥቶ ነገሩን የሚቀበልበት ነው፣ ለብዙ ልጆች ጥሩ መነሻ ነው፣ ከዛም ቀጣይ ደረጃዎች አሉት፣ እኛ ግን እዛችው መነሻዋ ላይ ተገትረን ቀረን። ልጅ ግን ሲያወራ መጠየቅ ብቻ ነው እንዴ? ይቃወማል፣ ያማርራል፣ ያሳብቃል፣ ይዋሻል። እኛ ጋ ደግሞ ጨዋ ልጅ እምቢ አይልም፣ ዝም አይነቅዝም እያልን ነው ያደግነው። አባቶቻችን ራሳቸው ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ማለታቸውን እንረሳለን።

ሁለተኛው ሰሌዳ ላይ "እምቢ"ን ቀይ አድርጌ ሁሉም ገጽ ላይ ከላይ ግራ ጥግ አስገባኋት፣ የትኛውንም ገጽ ብትከፍት እዛው ናት። ወይ ጉድ! የመጀመሪያው ሳምንት እንዴት እንዳለፈ እኔ ነኝ የማውቀው። ልብስ እንልበስ፣ እምቢ። ፊት እንታጠብ፣ እምቢ። ሽሮ፣ እምቢ። አያቷ ሊስሟት ሲመጡ እምቢ። ባሌ ልጅቷን ባለጌ አደረግሻት አለኝ። ግን አስተዋላችሁ፣ ጩኸቱ ቀነሰ። እምቢ ስትል የምንችለውን እሺ እንላታለን፣ የማንችለውን (መድኃኒት፣ ምናምን) "እምቢ አልሽ አይደል፣ ሰምቼሻለሁ፣ ግን እንወስዳለን፣ ከዛ በቃ" እንላታለን፣ ታለቅሳለች ግን የበፊቱ ዓይነት አይደለም፣ ቶሎ ትተወዋለች። እንደ ሰማናት ታውቃለች።

አንድ ማታ ደግሞ ራቷን እምቢ፣ ውሃ እምቢ፣ እቅፍ እምቢ፣ ሁሉን እምቢ ስትል እኔም ተናድጄ በቃ ተኚ ልላት ስል ገጹን በክርኗ ገፋ ገፋ አደረገች፣ ገለጥኩላት፣ ጣቷ "አሞኛል" ላይ ሄደ፣ የሰውነት ክፍሎቹን ሳወጣላት "ጆሮ" ላይ አረፈ። ጠዋት ጤና ጣቢያ ወሰድናት፣ ጆሮዋ መግል ይዟል፣ መድኃኒት ተሰጣት፣ አለቀ። ድሮ ቢሆን ሳምንት ሙሉ ምን ነካት እያልን ነበር።

ታብሌቱን አልተውኩትም። ዋና ጥቅሙ ድምፅ ነው፣ ሰሌዳውን የሚሰማው የሚያየው ሰው ብቻ ነው፣ ጀርባችሁን ስትሰጧት ሰሌዳው ዲዳ ነው፣ ታብሌቱ ግን ጓዳ ድረስ ይጠራችኋል። የኛው ላይ ያለው የማሽን ድምፅ አማርኛ ስለማያነብ የእህቴን የስምንት ዓመት ልጅ አስቀምጠን አንድ ከሰዓት ሙሉ አስቀዳናት፣ የጎልማሳ ሴት ድምፅ ከትንሽ ልጅ ቢወጣ ያስደነግጣል፣ እና ልጅቷ ቃል በቃል ስትቀዳ ከረሜላ በካሬ ነው የከፈልናት። አፕ ስትመርጡ ካለ ኢንተርኔት የሚሠራ መሆኑን ዳታውን አጥፍታችሁ ሞክሩ፣ ከ2015 ክረምት ጀምሮ ኢንተርኔት ጠፍቶ የከረመበትን ጊዜ እኛ እዚህ ያለን አንረሳውም፣ የልጅ አፍ ከኔትወርክ ጋር አይታሰርም። ፎቶና የራስን ድምፅ ማስገባት የሚፈቅድም መሆን አለበት። ጣቱ ለሚንሸራተት ልጅ ደግሞ ማስታወቂያ ቤት ሄዳችሁ ግልጽ አክሪሊክ ላይ በየካሬው ቀዳዳ አስወጡለት፣ ስክሪኑ ላይ ይደረባል፣ 400 ብር ከፈልኩ፣ ቀዳዳው ውስጥ የገባ ጣት ወደ ጎን አይሄድም።

ጉዳቱ? መብራት ሲጠፋ ይሞታል። ፀሐይ ላይ አይታይም። ወድቆ ጥጉ ተሰንጥቋል። ከሁሉም የከፋው ግን ካርቱን ነው፣ አንዴ የአጎቷ ልጆች ካርቱን ከፍተው ካሳዩዋት በኋላ ታብሌቱ ለሷ መናገሪያ መሆኑ ቀርቶ ቴሌቪዥን ሆነ፣ እስኪለያት ወር ፈጀ። አንድሮይድ ሴቲንግ ውስጥ ስክሪኑን አንድ አፕ ላይ የሚቆልፍ "ፒኒንግ" የሚባል አለ፣ ከመጀመሪያው ቀን አብሩት፣ ካርቱንን ለሌላ ስልክ ተዉት።

ታብሌቱ ዋጋውን የመለሰው ግን በእንግጫ ነቀላ ማታ ነው። ለዘመን መለወጫ ዋዜማ የሰፈር ሴት ልጆች እንግጫ የሚባለውን ሣር ሲነቅሉና ሲያዜሙ ታውቃላችሁ፣ አንዷ ታወጣለች ሌሎቹ ይቀበላሉ፣ ተቀባዮቹ የሚሉት ደግሞ ያቺኑ አንድ ቃል ነው። አንድ ቃል! ለአንድ ካሬ የተፈጠረ ነገር ነው። በእህቴ ልጅ ድምፅ ቀዳነው፣ በዜማው፣ ካሬውን ትልቅ አድርገን ገጹ ላይ ብቻዋን አኖርናት። ልጄን አዝዬ ሜዳ ወሰድኳት፣ መጀመሪያ ከሁሉም እየዘገየች ነበር፣ እነሱ ጨርሰው እሷ ትላለች፣ በኋላ አውጪዋ ልጅ ሳይነግራት ማንም፣ እሷ እስክትለው መጠበቅ ጀመረች። ባትሪው 9 ከመቶ ሲቀረው ነው የተመለስነው።

ለኬጂ መምህሯም አንድ ገጽ አሳትሜ ሰጠኋት፣ ግድግዳ ላይ ለጠፈችው። መጫወቻ መስሏት ነበር፣ አሁን ግን ሌሎቹ ልጆችም እየሄዱ ይነኩታል፣ በተለይ "ልሽና"ን፣ መናገር የሚያፍረው ልጅ ሁሉ እሷን ነው የሚነካው አለችኝ። አዲስ አበባ ላይ ዘሚ የኑስ በፈረንጆቹ 2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ስትከፍትና ለራሷ ልጅና ለሌሎቹ ከፊደላችን ተነስታ አቡጊዳ ፎነቲክስ የሚባለውን የማስተማሪያ ዘዴ ስትሠራ ከምን እንደጀመረች ሳስብ፣ እኛ በላሚኔት ማማረራችን ያሳፍረኛል።

ነጥብ ስጪ ካላችሁኝ፣ ሰሌዳው ከአምስት አራት፣ አንዱን የቀነስኩት በጠርዙና በሚያብረቀርቀው ነው። ማተሚያ ቤቱ ሦስት ተኩል። ታብሌቱ ከነአፑ ሦስት፣ የእንግጫ ማታ አምስት። ዝግጁ የሆነው ባለ ቀጭኔው ደግሞ ለግድግዳ ጥሩ ነው።

ሦስተኛውን ቅጂ ባለፈው ሳምንት አዝዣለሁ፣ ይቺኛዋ ለአያቷ ቤት ናት። ዲዛይነሩ ልጅ በዚህኛው ዙር ምንም ሳይነካ በቅድሚያ ቴሌግራም ላይ ጻፈልኝ፣ እህቴ፣ ይሄ ቀዩ "እምቢ" ሁሉም ገጽ ላይ መሆኑ ገጹን ትንሽ ያስከፋዋል፣ ወደ መጨረሻው ገጽ ላውርደው? ይላል። ስለጠየቅከኝ እግዜር ይስጥህ ወንድሜ፣ መልሱን ሰሌዳውን ፎቶ አንስቼ፣ የልጄ ጣት ላይኛው ግራ ጥግ ላይ እንዳለ፣ ልኬልሃለሁ።